ልጆችን ይዞ ሜዲትራኒያን ዳር ድንኳን መትከል፦ የአርዠሌስ ጉዞ ከዝግጅት እስከ መልስ

አራትና አምስት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተሰብ በሰመር ዕረፍት ባሕር ዳር ሆቴል መያዝ ኪስ ይጎዳል። ሁለት ክፍል ግድ ነው፣ ሦስቴ ውጭ መብላት አለ፣ ልጆች ኮሪደር ላይ ሮጡ ተብሎም መሳቀቅ አለ። ካምፒንግ ላይ ግን ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ደጅ ናቸው፣ ምግቡን ራሳችሁ ትሠራላችሁ፣ ባሕሩም በእግር ይደረሳል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ በጀርመንና በአካባቢው ለምትኖሩ ነው። መድረሻውም አርዠሌስ ሱር ሜር ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከስፔን ድንበር አጠገብ፣ የፒሬኔ ተራሮች ወደ ባሕር የሚወርዱበት ከተማ። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የባሕር ዳርቻና ከሃምሳ በላይ የካምፕ ቦታዎች ስላሉት እንደየአቅም የሚመረጥ አይጠፋም። ሰው ቦታ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የመዋኛ ገንዳ ፎቶ አይቶ ነው። እኔ የምለው ግን ነፋሱንና ጥላውን አስቀድሙ፣ ከዚያ ምግቡን አስቡ፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

1. ቀን መቁረጥ

ዋጋውም፣ የሰዉ ብዛትም፣ የመንገዱ መጨናነቅም በዚህ ይወሰናል። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት 20 ድረስ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ኦገስት 15 በፈረንሳይ የበዓል ቀን ስለሆነ በዚያ ሰሞን አሸዋው ላይ ፎጣ ማንጠፊያ አይገኝም። በጀርመን የትምህርት ቤት ዕረፍት እንደየክልሉ ይለያያል። ባየርንና ባደን ቩርተምበርግ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የልጆቻችሁ ዕረፍት እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ ስለሚዘልቅ የኦገስትን መጨረሻና የሴፕቴምበርን መጀመሪያ መያዝ ትችላላችሁ። ያኔ ፈረንሳዮቹ ልጆቻቸውን ይዘው ተመልሰዋል፣ ዋጋው ወርዷል፣ ባሕሩ ደግሞ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ የከረመ ነው። በሴፕቴምበር አንዳንዴ ኃይለኛ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ግን ወንዝ ዳር ያለ ቦታ አትያዙ፤ ማሳን የሚባለው ወንዝ በደረቅ ጊዜ ምንም አይመስልም፣ ሲሞላ ግን ድንገት ነው።

ጾመ ፍልሰታም አለ፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ማለት ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ምግቡ በኩል ጾም ለካምፕ ኑሮ እንዲያውም ያመቻል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ በሶና ፍራፍሬ ማቀዝቀዣ አያስጨንቁም። የሚከብደው ምንም ሳይቀምሱ በዚያ ፀሐይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጅ ከውሃ ዳር መጠበቅ ነው። ሁለታችሁም የምትጾሙ ከሆነ ባሕሩን የጠዋት አድርጉት፣ ወይም ጉዞውን ከኦገስት 22 በኋላ ግፉት።

ለጁላይና ለኦገስት ከሆነ ቦታውን በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ያዙ። ለሴፕቴምበር ጥቂት ሳምንት ሲቀረውም አይጠፋም።

2. ሰነድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው፣ የሁለቱም ጊዜ ካላለፈ፣ ሌላ ቪዛ ሳያስፈልገው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ፈረንሳይ መቆየት ይችላል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የያዘም እንደዚሁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ግን በያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ድንበር አይሻገር፤ ጣጣው ለጉዳዩም ይተርፋል። ፈረንሳይ ከ2015 ጀምሮ በድንበሯ ቁጥጥር ስለምታደርግ የልጆቹን ጭምር ዋናውን ሰነድ ያዙ። የጤና መድን ካርዳችሁ ጀርባው የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ነው፤ ለሁሉም የቤተሰብ አባል መያዙን አረጋግጡ።

ከእንግሊዝ የሚመጡ ዘመዶች ካሉ ቋንጣና ንጥር ቅቤ እንዳይዙ ንገሯቸው። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ከዚያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ስለተከለከለ ድንበር ላይ ይወሰድባቸዋል። ከጀርመን ለሚነሳ ይህ ችግር የለም።

3. ማደሪያና ቦታ መምረጥ

ከመካከላችን ድንኳን ሲባል ሱዳን ወይም ሊቢያ ያለፈው ጊዜ የሚመጣበት ሰው አለ። አንዳንዱ አይናገረውም፤ «ድንኳን አልወድም» ብሎ ያልፈዋል። ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ እንዲህ ካሉ አትከራከሩ፣ ሞባይል ሆም ያዙ። ሞባይል ሆም ማለት ሁለት ወይም ሦስት መኝታ ክፍል፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው አነስተኛ ተገጣጣሚ ቤት ነው። ዋጋው ከድንኳን ቦታ ብዙ ይበልጣል፤ ከሆቴል ግን አሁንም ይረክሳል። በጁላይና በኦገስት አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። አንሶላና ፎጣ ስለማይጨምር ከቤት ያዙ፤ መያዣ ገንዘብና የጽዳት ክፍያ ስንት እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነና ሕፃን ካለ እኔም ይህንኑ እመርጥላችኋለሁ።

የራሳችሁን ድንኳን ከተከላችሁ የምትከፍሉት የመሬቱን ነው። የሚያስተዋውቁት ዋጋ ብዙ ጊዜ ለሁለት ሰው፣ ለአንድ መኪናና ለአንድ ድንኳን ነው። ልጆች፣ ኤሌክትሪክና የጎብኚ ቀረጥ ሲደመሩበት ሌላ ሂሳብ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠቅላላውን በጽሑፍ አስልካችሁ አወዳድሩ።

ፈረንሳይ የካምፕ ቦታዎችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ትመድባለች። ኮከቡ የሚነግራችሁ ስላለው አገልግሎት ነው እንጂ ስለ ጥላው አይደለም። ጥላውን ለማየት የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ዛፍ አለው ወይ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥድ ወይም ቡሽ ዛፍ የሌለበት ቦታ ላይ ድንኳን ውስጥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መተኛት አይቻልም፤ ሕፃን የቀን እንቅልፉን አያገኝም፣ እናቱም አታርፍም። እዚያው ካርታ ላይ ባሩንና የሙዚቃ መድረኩን ፈልጉ፤ ከእነርሱ ራቅ ያለ ቁጥር እንዲሰጧችሁ ኢሜይል ጻፉ። መጸዳጃው ልጅ በሌሊት በእጅ ተይዞ ሊደርስበት የሚችል ቢሆን መልካም ነው፤ በሩ ላይ መሆን ግን ሽታና ጫጫታ አለው። የመንደሩ መሐል ከባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በስሙ «አርዠሌስ» የሚል ካምፕ ሁሉ ባሕር ዳር ስላልሆነ ርቀቱን ራሳችሁ ለኩ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ በአብዛኞቹ የካምፕ ገንዳዎች ወንዶች በሰፊ ቁምጣ መዋኘት አይፈቀድላቸውም፤ የተጣበቀ የዋና ልብስ ያስፈልጋል። ሙሉ አካል የሚሸፍን የዋና ልብስም በብዙ ገንዳዎች ስለሚከለከል እህቶቻችን እንዳይቸገሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

4. መንገዱ

ከፍራንክፈርት 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፦ በሙሉዝ፣ በሊዮን፣ ከዚያ ኦራንዥ ላይ ኤ9 አውራ ጎዳናን ይዞ በሞንፔሊዬና በናርቦን አልፎ ለአርዠሌስ ቅርብ የሆነችው ትልቅ ከተማ ፔርፒኛን። ልጅ ይዞ በአንድ ቀን አይሞከርም። ሊዮንን አልፋችሁ ወይም ከመድረሳችሁ በፊት አንድ ሌሊት እደሩ። የፈረንሳይ መንግሥት ቢዞን ፉቴ በሚባለው አገልግሎቱ የእያንዳንዱን ቀን የመንገድ ሁኔታ በቀለም ያሳውቃል፤ ጥቁር የተባለበት ቅዳሜ መንገድ ላይ መዋል ዕረፍቱን ገና ሳይጀመር ያበላሻል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሚያስገባ የድንኳን ቦታ መያዝ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት መኪና ውስጥ መኖር ግዴታ ነው። ፍጥነቱ በደረቅ 130፣ በዝናብ 110 ነው። የአውራ ጎዳና ክፍያውን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ቀላል አይደለም።

5. ድንኳኑን መትከል

የዚህ አገር ጌታ ትራሞንታን የሚባለው ነፋስ ነው። ከሰሜን ምዕራብ፣ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ ደረቅና ኃይለኛ ነው፣ ቀናትም ሊቆይ ይችላል። ሲነፍስ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ 2784 ሜትር ከፍታ ያለው የካኒጉ ተራራም ከሩቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ ድንኳኑን ስትተክሉ ዝቅተኛውንና ጠባቡን ጎን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሩ፤ በሩ በፍጹም ወደዚያ አይሁን። ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ካስማዎች እዚህ አይረቡም። መሬቱ በበጋ እንደ ድንጋይ ስለሚደርቅ ይጣመማሉ፤ አሸዋ ከሆነ ደግሞ ይነቀላሉ። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ የብረት ካስማዎችና ከባድ መዶሻ ያዙ። ካስማውን ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱት። አውታሮቹን አንድም ሳታስቀሩ ወጥሩ፤ በማግሥቱ ጠዋት እየዞራችሁ ደግማችሁ አጥብቁ፣ ምክንያቱም ሌሊቱን ይላላሉ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን አራት እግር ያለውን የጥላ ዳስ ነፋስ በተነሳ ቁጥር አውርዱት፤ በርሮ የጎረቤት ልጅ ላይ ቢያርፍ ነገሩ ከባድ ነው።

ቤት ሳላችሁ አንድ ቅዳሜ መናፈሻ ሄዳችሁ ድንኳኑን ከልጆቹ ጋር ትከሉት። ትልልቆቹ ምሰሶ ይያዙ፣ ትንንሾቹ ካስማ ይቁጠሩ። ከረጅም መንገድ በኋላ ደክሟችሁ ስትደርሱ ሥራው የሁሉም ይሆናል።

6. ኤሌክትሪክ፣ እንጀራና ቡና

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ፤ ምግቡ ካልታሰበበት ዕረፍቱ ለአባትና ለልጆች ብቻ ይሆንና እናት ጎንበስ እንዳለች ትመለሳለች።

የካምፕ ቦታዎች የሚሰጡት ኤሌክትሪክ 6 ወይም 10 አምፒር ነው። 6 አምፒር ማለት 1380 ዋት፣ 10 አምፒር 2300 ዋት ነው። አገር ቤት የለመድነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ሶኬት ላይ እንደሰካችሁት ብሬከሩ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ጎረቤቱን ይዞ። እንጀራ እዚያ ለመጋገር አታስቡ። የውሃ ማፍያም ቢሆን 2000 ዋት የሚሆነው ከ6 አምፒር በላይ ነው። ለትንሽ ፍሪጅ፣ ለመብራትና ለስልክ ግን 6 ይበቃል። መሰኪያው ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ክብ ባለ ሦስት እግር ነው፤ 25 ሜትር ገመድ ያዙ፣ ሙሉ በሙሉ ተርትሩት፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይሞቃል።

እንጀራውን ከቤት ጋግራችሁ፣ በደንብ አቀዝቅዛችሁ፣ በጨርቅ ከዚያም በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በአይስ ቦክስ ያዙ። በዚያ ሙቀት ከሦስት ቀን በላይ አትመኑት። ከዚያ በኋላ የሚያገለግላችሁ ድርቆሽ ነው። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት በትርፍ እንጀራ ጥሩ ድርቆሽ አድርቁ፤ አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ ማቀዝቀዣ አይሻም። ማታ ልጆቹ ጨው እንደለበሱ ከባሕር ሲመለሱ በአንዲት ቡታጋዝ ላይ ቁሌቱን ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቲማቲም አድርጋችሁ፣ ትንሽ ውሃ አክላችሁ ድርቆሹን ታፈሱበታላችሁ፤ በሃያ ደቂቃ ሁሉም ይበላል። ቋንጣ ከገባበት የበለጠ ነው። ቁሌቱን ቤት አብስላችሁ በትንንሽ ዕቃ ቀዝቅዞ በረዶ እንዲሆን ካደረጋችሁት አይስ ቦክሱንም ያቀዘቅዝላችኋል። ቁርስ በሶና ጨጨብሳ፣ ለመንገድ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ይበቃል። ኮክና አፕሪኮት እዚያው አገር የሚበቅሉ ናቸውና ከገበያ ግዙ። ሐላል ሥጋ ፔርፒኛን ውስጥ አይጠፋም።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ማታ ማንም ምግብ አይሥራ፤ ፒዛ ይገዛ። በሌሎቹ ቀናት ዕቃ አጠባው የአባትና የልጆች ይሁን፣ ይህንንም ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩበት።

የጀርመን የጋዝ ሲሊንደር ፈረንሳይ ውስጥ አይለወጥም፤ ትንንሾቹን የካምፒንጋዝ ቆርቆሮዎች እዚያው ሱፐርማርኬት ግዙ። ድንኳን ውስጥ በፍጹም አታብስሉ። ነፋስ ስላለ ነው፣ ዝናብ ስለዘነበ ነው ተብሎም አይሆንም፤ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳይታይ ይገድላል።

ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ያዙ። ጀበናው በቡታጋዙ በትንሽ እሳት ይፈላል፤ ከሥሩ የብረት ሳህን ብታደርጉ ሸክላው አይሰነጠቅም። ከሰልና ዕጣን ግን ቤት ይቅሩ፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

7. ባሕሩ

ብዙዎቻችን ባሕር ሳናይ ነው ያደግነው፤ ዋና የማይችል ወላጅ ብዙ ነው። ጀርመን ያሉ ልጆች ዜፕፈርድሸን የሚባለውን የመጀመሪያ ምልክት ሲያገኙ «ዋና ይችላል» ብለን እናምናለን። አይደለም። እዚያው ጀርመን የነፍስ አድን ሠራተኞች እንደ ዋናተኛ የሚቆጥሩት ቀጣዩን የነሐስ ምልክት ያገኘውን ነው። ከጉዞው በፊት ያሉትን ወራት ለዚህ ተጠቀሙበት፤ ለራሳችሁም ጭምር።

በዳርቻው ላይ ባንዲራውን እዩ፦ አረንጓዴ ከሆነ ይዋኛል፣ ቢጫ ከሆነ በጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ባንዲራ ከሌለ ጠባቂ የለም ማለት ነው። ግማሽ ቀይ ግማሽ ቢጫ በሆኑ ሁለት ባንዲራዎች መካከል ያለው ውሃ ጥበቃ የሚደረግበት ነው፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከዚያ አይውጣ።

አሁን ስለ ነፋሱ እመለሳለሁ፤ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ትራሞንታን ሲነፍስ ባሕሩ ዳር ዳሩን ጸጥ ብሎ እንደ ሐይቅ ይተኛል፤ ማዕበል አይታይም። አደገኛው ቀን ይኸው ነው። ነፋሱ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ወይም ጎማ ላይ የተቀመጠ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ወላጅ ዋኝቶ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ይገኛል። በዚያ ቀን የሚነፋ ነገር ሁሉ ካምፕ ይቅር። በሌላውም ቀን ትንሽ ልጅ ካለ አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ፣ ክንድ በሚደርስበት ርቀት፣ ውሃው ውስጥ ይቁም። ተራ ግቡ፤ «ሁላችንም እያየን ነው» ሲባል ማንም አያይም። ውሃ ላይ አደጋ ከደረሰ 196፣ ለሌላው ሁሉ 112 ይደወላል።

ነፋሱ የላይኛውን ሞቃት ውሃ ገፍቶ ከሥር ቀዝቃዛውን ስለሚያወጣ ትናንት የሞቀው ባሕር ዛሬ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ልጆቹ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አውጧቸው።

ፀሐይዋ አናት ላይ የምትደርሰው በእኩለ ቀን ሳይሆን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ፣ ምሳና እንቅልፍ ያኔ ይሁን። የእኛ ቆዳም ይቃጠላል፤ ለልጆች 50 የሆነውን ክሬም ከውሃ በወጡ ቁጥር ደግማችሁ ቀቡ። የሴቶች ልጆችን ፀጉር ከመሄዳችሁ በፊት ሹሩባ ሥሩላቸው፤ ማታ ማታ ጨዉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ዘይት ቀቡት።

8. እሳት

ኦገስት 14 ቀን 2023 ከአርዠሌስ አጠገብ በሴንት አንድሬ የተነሳ እሳት በዚሁ ነፋስ ተገፍቶ ወደ 500 ሄክታር ገደማ አቃጠለ፤ ከካምፕ ቦታዎች ከ3000 በላይ ሰዎች እንዲወጡ ተደረገ። አካባቢው ዓመታት የዘለቀ ድርቅም አይቷል። በድንኳን ቦታ ላይ ከሰል ማቀጣጠል የሚከለከለው ለዚህ ነው። «ለቡና ብቻ ነው» አይባልም።

በደረሳችሁ ቀን ከልጆቹ ጋር ወደ መውጫው በእግር ሂዱና መሰብሰቢያውን አሳዩአቸው። መኪናውን አፍንጫውን ወደ መንገዱ አድርጋችሁ አቁሙ። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የመኪና ቁልፍና ገንዘብ በአንድ ትንሽ ቦርሳ፣ ሌሊትም እጅ በሚደርስበት ይሁን። የካምፑን ስምና የቦታችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ልጆቹ ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ ለጠፋ ልጅም ይረዳል።

9. ከባሕሩ ሌላ

ኮሊዩር የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በባቡር አንድ ጣቢያ ናት፤ በኦገስት በመኪና አትሂዱ፣ ማቆሚያ አይገኝም። እግራቸው የጠና ልጆች ካሏችሁ በአርዠሌስ ዳርቻ ደቡባዊ ጫፍ ካለው ለ ራኩ ከሚባለው ሰፈር ተነስቶ በገደሉ ጠርዝ የሚሄደውን የባሕር ዳር መንገድ በማለዳ ሞክሩት።

ትልልቅ ልጆች ካሉ አርዠሌስ መንደር ውስጥ ያለውን የመታሰቢያ ሙዚየም አሳዩአቸው። በፌብሩዋሪ 1939 የስፔን ሪፐብሊክ ሲወድቅ በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በዚህ አሸዋ ላይ፣ በሽቦ ታጥረው፣ በዚያ ነፋስ ክረምቱን አሳልፈዋል። የስደትን ታሪክ ለልጆቹ መንገር የከበደው ወላጅ መነሻ ያገኝበታል።

10. መመለሻ

ሞባይል ሆም የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ነው፣ የድንኳን ቦታ እስከ ቀትር ሊሆን ይችላል። ከቤቱ ስትወጡ የጽዳቱን ሁኔታ ፎቶ አንሱ፤ መያዣው ሲመለስ ክርክር አይኖርም። ድንኳኑን ጤዛው ሳይደርቅ አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል፤ መድረቂያ ጊዜ ከሌለ ቤት በደረሳችሁ ዕለት በረንዳ ላይ ዘርጉት። ካስማ ቆጥራችሁ አስገቡ፤ አሸዋ ውስጥ የቀረ ብረት የሌላ ሰው ልጅ እግር ይወጋል። ቦታው ከተመቻችሁ ቁጥሩን ጻፉና ሪሴፕሽን ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስይዙ ጠይቃችሁ ውጡ።